ሁለተኛው መስመር

ቡሬ መውጫው ላይ ነው፣ ከዩኒየኑ በር፣
ሆደ ክፍት ብረቴን ይዤ ጆንያ ስወጋ ነበር፤
ከላይ፣ ከመሐሉ፣ ከሥሩ፣ ከጎኑ፣
እፍኝ እፍኝ ሲወርድ በቆሎው ወደ ሣህኑ፣
ጋሽ ይታይህ መጡ፣ አርባ ጆንያ ጭነው፣
አፉን በቀይ ክር የሰፉት በእጃቸው ነው።

ከወምበርማ ነው፣ ሌሊቱን የነጎደ አይሱዙ፤
ጠጠር የለው፣ ነቀዝ የለው፣ ወርቅ ነው በእጅ ሲይዙ።
ሚዛን ላይ ያለው ስንሻው፣ ምስጋና የማያውቀው፣
«ይሄስ ለዘር ነው» አለ፣ በመዳፉ እያሞቀው።

ፈጨሁ፣ በጠበጥኩ፣ አጠለልኩ፤ ወረቀቷን ነከርኩና
ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ደቂቃ ይቀራል ገና።
ሁለት ቀይ መስመር ቢወጣ፣ ይገባል ከውስጠኛው፤
አንዱ ብቻ ከቀላ፣ የቀረው ነው ነገረኛው።

እስኪደርስ አወጉኝ፦
«ኅዳር ላይ ዝናብ ጣለ፣ ክምሩ ሜዳ ላይ ሳለ፤
ምን ላድርግ? ላስቲክ አለበስኩት፣ እንደ ልጅ ተጠቀለለ፤
ሦስት ቀን ከላስቲኩ ሥር ላብ ሲያጠምቀው ዋለ።
ኋላ ፀሐይ ወጣች፤ አሰጣሁት፣ ከልጆቼ ጋራ
የጠቆረውን ለቀምን፣ ፍሬ በፍሬ፣ ተራ በተራ።»

አንደኛው መስመር ቀላ።
ሌላው ሳይመጣ ቀረ።

«ምን ታየሽ?»
«ምንም አልታየኝም።»
«ታዲያ ምንም ካልታየሽ?»
«ምንም ስላልታየ ነው፣ ጋሼ።»

መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው፣
ችሎት እንደ ገባ ቆሙ፦ «ስንት ሙግት አይቻለሁ፣ እኔ የሽንዲ ሰው፤
ሰው በምስክር ይረታል እንጂ፣ ምስክር ቀርቶ ማን ይረታል?
አባቴ ይታይህ ብሎኛል፤ እስቲ አሳዪኝ፣ መርዙ የታል?»

አንዲት ፍሬ አንሥተው ቆረጠሙ ከፊቴ።
«አየሽ? ቆሜያለሁ።»
እንዴት ልበላቸው፣ አባቴ፣
የዚህ ነገር ችሎቱ ጉበት ውስጥ ነው የሚቆመው፣
ቀጠሮው ዓመታት ነው፣ መጥሪያው ድምፅ የለው፤
ከአንድ መኪና ጭነት መሐል ከቁንጥር ጨው ያነሰ፣
ምላስ ላይ ያልደረሰ፣ ደም ውስጥ ግን የደረሰ።

ዝም አሉ። ዋጋ ሊከራከሩ ነው ብዬ ስጠብቅ፣
«ቤት የቀረውስ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ዝቅ።
«ስምንት ጆንያ ይሆናል። ማስተዋል፣ የልጄ ልጅ፣
ገንፎዋ ከሱ አይደል እንዴ፣ ሌላ ምን አለን በእጅ?»
«ከእንግዲህ አይስጧት።»
«ለዶሮ?»
«አይሆንም።»
«ላሟስ?»
«በወተት ይመለሳል።»
«ታዲያ ለማን ይሁን?»

ይሄን አልተማርኩም።
ቅጹ ላይ «ተመላሽ» የሚል ሣጥን አለ፣ ምልክት አደረግሁ፤
«ወዴት» የሚል ግን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁ።

በሩ ላይ ደላላው፣ ሞተሩ ላይ ተንጋሎ፣
ጣቱን ያጥፋል፣ ያነሣል፣ ለአርባው ግማሽ ዋጋ ብሎ።
አይሱዙው ዞረ። አቧራው ሲጠራ መንገዱን ባዶ አየሁት፤
ወደ ቤት ይሁን ወደ ገበያ፣ መሄጃውን ሳትኩት።

በገበያው ቀን፣ ከወይዘሮ ትሁን እህል ፊት፣
አንድ ጆንያ ተፈትቷል፤ ቀይ ክር ተንጠልጥሎበት።
«ከየት ነው?»
«ከወምበርማ! እይው እንጂ፣ ወርቅ ነው፣ እይው።»
ክር ማንም ይገዛል፤ ጆንያም እጅ ለእጅ ነው የሚዞረው፤
በክር ሰው አልከስም። እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ፤
ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ ሽታ የለው። አንድ ኪሎ ገዛሁና ሄድኩ።

ሰኞ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ከተቆጠሩት ወረቀቶች አንዷን አጎደልኩ።
«አስረካቢ» በሚለው ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ።

አንደኛው መስመር ቀላ።
አራተኛው ደቂቃ ላይ ነኝ።
ፈዘዝ ያለ ነገር አለ፣
ወይ ዓይኔ ነው የሚመኝ።