የቀዳዳዋ ዋጋ

ሸርፍ ተራ ጥግ ላይ፣ ከቆርቆሮ በታች፣
መዲና ሙሄ ናት፣ ሸራ ትሰፋለች።
ጅቡቲ ተመላልሶ፣ ጨው ጭኖ፣ ብረት ጭኖ፣
የተሳቢ ልብስ ሆኖ፣ አርጅቶና መንኖ፣
ኮምቦልቻ ሲጣል በኪሎ ትገዛለች፣
ደሴ ታወጣና ቤት ታደርገዋለች።

እኛ ሦስት ነን፤ እኔ፣ እንድሪስ፣ ጋሽ ይመር፣
ከርከሮ ልንጠብቅ ከጉጉፍቱ መንደር።
ድንቹን ገልብጦበት፣ ባቄላውን በልቶበት፣
ገበሬው ላከብን፣ «ኑና እደሩበት።»

የጉጉፍቱን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤
ኅዳር ሌሊት ላይ የጀሪካን ውሃ ድንጋይ ሆኖ ያድራል፤
ሰው የገዛ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሰምቶ፣
እንግዳ መጣ ብሎ ይነሳል ደንግጦ።

ድንኳን ሲሸጥ አየን፣ ፒያሳ፣ ሱቅ በር ላይ፣
ባለዚፕ፣ ውስጡ ልባስ፣ መልኩ እንደ ሰማይ።
ዋጋውን ጠየቅን። እንድሪስ ሳቁ መጣ፤
«ይህን ያህል ብር ካለኝ ለምን አደን ልውጣ?
ከርከሮው ራሱ ባጃጅ ይዞ ይምጣ!»

ወደ መዲና ሄድን።
«ስንት ሰው ነው?» አለች። «ሦስት።» «ጠብመንጃውስ? ውጭ ነው የሚያድረው?»
ትከሻችንን በክንዷ ለካች፤ ጋሽ ይመር ግን ረጅም ነው፣
እግሩ እንዳይተርፍ ብላ መሬት አስተኝታ ለካችው፣
መንገድ ዳር፣ ሸራ ላይ። አላፊው ቆሞ ሳቀ፤
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሬሳ ደረቀ።

በአራተኛው ቀን ደረሰ። ሸራው ድርብ ነው፣
በመሐሉ የማዳበሪያ ጆንያ ገብቶበታል፤
የታች ጠርዙ ከመነዳሪ ነው፣
ነፋስ እንዳይሾልክ መሬት ይነክሳል።
አናቱ ላይ ግን ቀዳዳ ትታለች፤
ጡጫ ታሾልካለች፣
ዙሪያዋ ተዘምዝሞ እንደ ቁልፍ ቤት አምራለች።

ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነው የተዋዋልንበት።
«ይቺ አልተሰፋችም» አለ እንድሪስ፤ «ሁለት መቶ ቀንሺበት።»
ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ቀና እንኳ አላለችም፤
«ቀዳዳም ይሰፋል» አለች። እኛ አልገባንም።
ተከራከርን። ሁለት መቶው ቀረ።
ስንወጣ «እንዳትደፍኗት» ስትል ሰምተን ነበረ።

ጉጉፍቱ፣ እኩለ ሌሊት። ከርከሮ የለም፤ ብርዱ ነው የመጣ፤
በቀዳዳዋ ገብቶ አንገታችን ላይ ሰፈረ፣ አልወጣ።
እንድሪስ የአንገት ልብሱን ጠቅልሎ ወተፋት፤
እኔ የውጩን ፍም በጣሳ አስገባሁት።

ድንኳኑ ሞቀ። ሞቀና ጣፈጠ፤
ወሬያችን ላላ፤ ቃል ከመሐሉ ተቆረጠ።
ቤቴ ያለሁ መሰለኝ፣ ሆጤ፣ ከአልጋዬ፤
ማን እንደሆነ እንጃ፣ ይጠራኛል «ተኛ፣ ወንድምዬ።»

ጋሽ ይመር ለሽንት ሊነሳ ቢል ጉልበቱ ከዳው፤
እግሩን ፈለገ፤ ሊጮህ ሞከረ፤ ድምፁን አጣው።
እየዳኸ፣ በአፈሙዙ ገፋው ያን የአንገት ልብስ፤
ጨርቁ ወጣ። ኮከብ ገባ። ገባ ነፍስ።

ጎትቶ ውርጩ ላይ ጣለን እንደ ድንች ጆንያ።
ስንሰድበው ያመሸነውን ብርድ
በአፋችን፣ በአፍንጫችን ጠጣነው።
ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ከርከሮው ከነልጆቹ
ድንቹን ይገለብጣል፤ ስናስመልስ ያየናል በዓይኖቹ።
ጋሽ ይመር ጠብመንጃ አነሳ፤ አፈሙዙን የእንድሪስ ሱፍ ደፍኖታል፤
ዝቅ አደረገው። «እንግዲህ» አለ፣ «የተደፈነ ነገር ባለቤቱን ይገላል።»

ሰኞ፣ ሸርፍ ተራ። ሁለት መቶ ብር፣ ከሦስት ኪስ ተለቃቅሞ፣
እንድሪስ ዘረጋላት፣ አንገት ልብስ ሳይለብስ ቆሞ።
«የምንድን ነው?» አለች።
«የቀዳዳዋ።»
የምትመልስልን መስሎን ነበር። ቆጠረችው፣
አጠፈችው፣ ከመርፌዎቿ ጋር ከተተችው።
ከዚያ ጋሽ ይመርን ቀና ብላ አየችው፤
«እግርዎስ ገባ ወይ?» ብላ ጠየቀችው።
«መግባቱስ ገባ» አላት፤ «መውጣቱ ነው የቸገረው።»