ስሙ ወደፊት የሚገለጽ

ዊኔባጎ ሐይቅ ላይ፣ ከዳርቻው ርቆ፣
የኦርቪል የጣውላ ጎጆ በበረዶ ታንቆ፣
ወለሉ ተቀዶ ጥቁሩ ውሃ ይታያል፤
አራት ሰው በተደፋ ባልዲ ላይ ይጠብቃል።
ዓሣው አልመጣም።
ቤዝቦሉም ገና ነው፤ ሜዳው በረዶ ለብሶ ተኝቷል።

የመጣው ወሬ ነው። ራዲዮው አስነጥሶ አስነጥሶ፣
ዴል ሃቨርካምፕ ሄዷል አለን፣ የሌላ ማልያ ለብሶ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሦስተኛውን ቤዝ የጠበቀ፣
ኳስ በደረቱ አቁሞ፣ ጥርሱ ወልቆ የሳቀ፣
ሄደ በሁለት ልጆች፣ ጢማቸው ገና ባልበቀለ፣
በአንድ ደግሞ «ስሙ ወደፊት በሚገለጽ» ተጫዋች፤ እንዲህ ነው የተባለ።

«ስሙ ወደፊት?» አለ ኦርቪል። «ስም የሌለው ሰው ይመታል?
ስም የሌለው ሰው ይሮጣል? ስም የሌለው ሰው ይገዛል?»

ግሬታ አውቶቡስ ነጂ ናት፣ ጩኸት የማይበግራት፣
አርባ ተማሪ ከኋላዋ ሲንጫጫ መንገድ የማይጠፋት።
«ጉልበቱን አይተሃል?» አለች፣ የተወታተበ ክር እየፈታች፤
«ነሐሴ ላይ ሲሮጥ፣ እናቴ በምርኩዟ በቀደመች!
ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ላም ወተቷ ሳይነጥፍ ነው ገበያ የምትወጣ።»
«ላም? እኔ የማወራው ስለ ሰው ነው!»
«እሺ፣ ሰው ይሁን። አትቆጣ።»

ክሊተስ እስካሁን ዝም። ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ፣
በዓሣ ማጥመጃ ፈቃዱ ጀርባ በእርሳስ ሒሳብ አርቅቆ፣
«የሱ ደመወዝ» አለ፣ «ለኬሳዳ ነው የሄደ፤
በነፃ ዝውውር፣ ሁለት ዓመት።»
«ኬሳዳ? ክንዱ ሁለቴ የተቀደደ?»
«ተሰፍቷል።»
«ካልሲም ይሰፋል!»
«ሲወረውር ግን ኳሷ ትታጠፋለች፤
እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት፣ በሩ ጋ ስትደርስ ትዞራለች።»
«አርጅቷል።» «ግራኝ ነው።» «ርካሽ ነው።» «ርካሽ ነገርማ...»

ክሩ ተንቀጠቀጠ። ልብ ያለው የለም፤ ማንም ውሃውን አልሰማ።

እኔ ግን አውቃለሁ፤ ኦርቪል በሃቨርካምፕ ብቻ አይደለም የተቃጠለ።
የወረቀት ፋብሪካው ተሸጦ በሩ የተዘጋ ዕለት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የዘወረውን ማሽን፣ ቁጥር አራት፣
ነቅለው ሲጭኑት በአጥሩ ቀዳዳ ቆሞ አይቷል።
ማሽኑ የሚሄድበት ከተማ በሣጥኑ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤
የሱ አልተጻፈም።
ወደፊት ይገለጻል ተብሎ፣ ይኸው ስምንት ዓመት አልፏል።

ይህ ጨዋታ እኮ መትተህ ትወጣለህ፣
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልክ ትዞራለህ፤
ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው፤ ከተነሣህበት ትገባለህ።
ሦስተኛው ላይ የደረሰ ቤቱን ፊት ለፊት ያያል፣
ዘጠና ጫማ ነው የቀረው።
ስንቱ እዚያው እንደ ቆመ፣ የቡድኑ ተራ ያልቃል።

ይህን አላልኩም። ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመርኩ።
ግሬታ ከቴርሞሷ የበቆሎ ሾርባ ቀድታ ሰጠችው፤ ሳያያት ተቀበለ።
ነፋሱ ጣውላውን ያንኳኳል፤ ራዲዮው የአሳማ ዋጋ ያወራል።
ኦርቪል ክሩን ሳበ። መንጠቆው ባዶ ነው፤
እኛ ስንጨቃጨቅ ዓሣው ትሉን በልቶ ሄዷል።
አዲስ ትል ሰካ።
ቀዳዳው ላይ የረጋውን ስስ በረዶ በጭልፋ ገፈፈ።
ከዚያ ውሃውን እያየ፣ ማንንም እንዳልጠየቀ ሆኖ፦
«ከልጆቹ አንዱ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ነው አሉ?»
«አዎ» አለ ክሊተስ።
«በግራ ነው የሚመታ?»
«በሁለቱም።»

ኦርቪል መንጠቆውን ለቀቀ፤ ክሩ ወደ ጥቁሩ ወረደ፣ ወረደ።
«በሁለቱም» አለ ቆይቶ፣ ለራሱ፣
ሾርባው ይፋጅ እንደሆነ በከንፈሩ እንደሚሞክር ሰው።