ደርሶ መልስ

ደንገጎን ሳናልፍ ፈላች፣ የአባባ ፔጆ፤
ጢሰች በየቀዳዳዋ፣ እንደ ክረምት ጎጆ።
ረድዋን ኮፈኗን ሲያነሳ፣ ጣቱን አቃጠለች፤
«አንቺ ነሽ የነገርሻት፣ መሸጧን አውቃለች።»
ገዢው ድሬ ላይ ነው፣ ከዚራ፣ ጥላ ስር ቆሞ፣
«የት ደረሳችሁ?» ይላል፣ ደውሎ፣ ደግሞ፣ ደጋግሞ።

ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ገፋናት፣ ሁለት ጠመዝማዛ፤
እዚያ ነው ያየነው፣ አንድ አሮጌ ፉርጎ፣ ቀለሙ የወዛ፣
ሐዲድ ወጥቶበት በማያውቅ ዳገት
ቁልቋል ተደግፎ ተቀምጧል፣ እንደ ባለቤት።
በሩ ላይ በኖራ፦
«ላጋር ምግብ ቤት።
ያለ ትኬት መብላት ክልክል ነው።
በመስኮት መትፋትም።»

ትኬት ቆራጩ ሙሴ ሮብሌ ነው፤
ካኪ ኮቱ ሰባት ቁልፍ አለው፣
ስድስቱ የምድር ባቡር፣ ሰባተኛው የፒጃማ ነው።
«ሁለተኛ ማዕረግ ወይስ ሦስተኛ?»
«ልዩነቱ ምንድን ነው?»
«ሁለተኛው ትራስ አለው። ሦስተኛው፣ ወሬኛ።»
ሦስተኛ ገዛን።
ጥፍር የምታክል ካርቶን በመብሻው ጠቅ አደረጋት፤
«ደርሶ መልስ ናት፤ ሄዶ ቀሪ እዚህ አንሸጥም» አለ፣ ሲሰጠኝ አጥብቆ ይዟት።

ግድግዳው ላይ ምግብ የለም፣ የጣቢያ ስም እንጂ።
ሽንሌ ፈጢራ ነው፣ በእንቁላልና በማር።
አዲጋላ ሩዝ ነው፣ የፍየል ጎድን የተጋደመበት።
አይሻ ሻይ ነው፣ ቅርንፉዱ ጉሮሮ የሚፈትሽ።
ደወሌ ሒሳብ ነው፤
ከደወሌ ወዲያ ድንበር ነው፣ ዱቤ አይሻገርም።

«ሁለት ሽንሌ!» ብሎ ጮኸ ወደ ጓዳ።
«ሽንሌ ዘግይታለች!» አለች ዘይቱና፣ ሊጡን እየናጠች፤
«ሐዲዱ ላይ ግመል ተኝቷል!»
(ጋዙ አልቆ ነው፣ አለን አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣
ከሦስተኛ ማዕረግ ወሬኞች ዋነኛው።)

ግመሉ ተነሳ። ፊሽካ ተነፋ። ፈጢራው መጣ።
ስልኩም መጣ።
«የት ደረሳችሁ?»
ረድዋን አፉ ማር እንደሞላ፣ «ሽንሌ ነን!»
«ሽንሌ?! ከድሬ ወዲያ?
መቼ አለፋችሁኝ? አስፋልቱ ላይ እኮ ነው የቆምኩት!»
ሾፌሩ ሻዩ ትን አለው።

አሥር ሰዓት ላይ ሙሴ ሮብሌ ደወሉን መታ።
ሁሉም እጁን ሰበሰበ።
ሾፌሩ ጉርሻውን አየር ላይ አቆመ፣
ሎተሪ ሻጯ መነጽሯን አወለቀች።
እሱ በመስኮቱ ቁልቁል ያያል፤
ድሬ ከታች፣ በአቧራና በቆርቆሮ ነጸብራቅ፣
ደቻቱ ውሃ የሌለው ወንዝ፣ ነጭ አሸዋውን ዘርግቶ።
«የሚመጣ አለ?» አልኩ በሹክሹክታ።
«ኧረ የለም» አለኝ ሾፌሩ፣
«ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይቀበለው ቀርቶ አያውቅም፤
ዛሬ ቢመጣስ?»

በዚያ ዝምታ ውስጥ ፔጆዋን ሰማኋት፣
ውጭ፣ ስትበርድ፣ ቀጭ… ቀጭ…
አባባ ማታ ገብቶ
ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ እንደሚጥለው።

«ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል» አለ ሙሴ ሮብሌ።
ጉርሻው ወደ አፍ ገባ። ወሬው ካቆመበት ቀጠለ።

ውሃውን ራሱ ሞላላት፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ፣
ቀስ እያለ፣ ሕፃን እንደሚያጠጣ።
ከዚያ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳርፎ፦
«ማዕረጓ ስንት ነው?»
ረድዋን ዋጋዋን ነገረው።
«ዋጋ አልጠየቅሁም» አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸጥናት።
ገዢው ብሩን ሁለቴ ቆጠረ፣ ጎማዋን አንዴ ረገጠ፣
ማርሹን ሳያገኘው ትንሽ አጓራት፣
ከዚያ ከዚራ ዛፎች ውስጥ ገባች።

ወደ ሐረር በሚኒባስ ተመለስን፣ ከኋላ ወንበር፣
ረድዋን ትከሻዬ ላይ ተኝቶ።
ዳገቱን ስንወጣ አንገቴን አሰገግሁ፤
ፉርጎው ጨልሟል፣ አንድ ፋኖስ ብቻ፣
ያውም ቀይ።
ሾፌራችን አልቆመም። ምን ያቆመዋል?

ኪሴ ውስጥ ካርቶኗን በጣቴ ዳበስኳት፤
በአንድ ጎኗ ቀዳዳ፣ በሌላው ጎኗ ደህና።
«ሒሳብ!» አለ ረዳቱ፣ እጁን ዘርግቶ።
እሷን ልሰጠው ነበር።