የዘገየ ጎማ

ካራኩም «ጥቁር አሸዋ» ነው በእኛ አፍ፤
አሸዋው ግን ቢጫ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
ጥቁሩስ እኛ ያነጠፍነው፣
ከአሽጋባት ወደ ሰሜን የሚዘልቀው፣
ጎህ ሲቀድ ከሁሉ ቀድሞ የሚሞቀው።

እኔ ኦጉልጌሬክ ነኝ፦ «ወንድ ልጅ ያስፈልጋል»፤
አራተኛ ሴት ስትወለድ ስም እንዲህ ይወጣል።
ወንዱ ግን አልመጣም፤ እኔ መጣሁ፣ ቴርሞሜትር ይዤ፣
የአባቴን የእንጨት ማስመሪያ ተመርኩዤ።

ቀትር ላይ አየሩ አርባ ስድስት ሲደርስ፣
አስፋልቱ ሰባ አንድ፤ ሬንጁ ከጠጠር ሥር ሲፈስ፣
ነጠላ ጫማ ይነጥቃል፣
ድንጋይ የነበረው ማር ይሆናል።
ማር ደግሞ ነክቶት ያለፈውን ጣት ይለቃል፤
የቆየውን ይይዛል።

አባቴ አናጉሊ ይህን ያወቀው ያለ አስተማሪ ነው፦
«የሚከንፈው ተሳቢ አይደለም የሚያርሰው፤
ሐብሐብ ጭኖ ሲያዘግም ነው ቦይ የሚተወው።
ፀሐይማ ታባብላለች፤ ክብደት ነው የሚያፈርሰው።»

ሌሊት ደግሞ ብርዱ ይመጣል እንደ አበዳሪ፣
ቀን የተዘረጋውን ሁሉ ሰብሳቢ፣ ቆጣሪ።
ዘይቱ በየበጋው ተኖ፣ ሬንጅ ሲያረጅ ይደርቃል፤
ጎንበስ በል ቢሉት እንቢ ብሎ፣ ይሰነጠቃል።
(ይህን ስናገር አባቴን አላየሁትም።)

መቶ አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ
ላዳችንን ጥግ አቁመን፣ ማስመሪያውን አጋደምሁ፤
ከሥሩ የሻይ ፒያላ በቁሙ ገባ፤ ዳግመኛ ለካሁ።
ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል።
ኬላ የለ፣ ኩርባ የለ፣ ሜዳው የተደለደለ፤
እዚህ ጎማ ምን አዘገየው? ማን ፍሬን ያዝ አለ?

አባቴ መልስ አልሰጠም። በአገጩ ብቻ ጠቆመ፦
ሁለት ቋሚ፤ አንዱ ወድቋል፣ አንዱ ዘመመ።
የእናቴ የጄሬን ዳስ።
የኮመጠጠ የግመል ወተት፣ አሥራ ዘጠኝ በጋ ሙሉ፤
ሾፌሮች ከሩቅ አይተዋት ፍጥነት ሲቀንሱ፣
መስኮት ዝቅ አድርገው «ጄሬን፣ በርዷል ወይ?» ሲሉ።
ዳሱን ነፋስ ወሰደው። እሷን ኩላሊቷ።
ቦዩ ግን አለ፤ ዳሱ ጋ ሲደርስ ይጠልቃል፣
ከዳሱ ወዲያ ይሳሳል።

መመሪያው ግልጽ ነው፦ ከሁለት ሴንቲ ያለፈ ይቧጠጥ።
«ስንት ጻፍሽ?» አለኝ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይለማመጥ።
«ስድስት ተኩል።»
«ደግ። ዝናብ የዘነበ ቀን ሰው ይገለብጣል።»

ሐሙስ ማሽኑ መጥቶ ፋቀው፤ ዳምጠው ተከተለ፤
እስከ ማታ ያ ቦታ ከሌላው ጋር ተስተካከለ።

በዓመቱ፣ በሐምሌ፣ እዚያው ማስመሪያዬን ጣልሁ፤
በመንገዱ ጠርዝ፣ በቋሚው ትይዩ፣ አራት ሚሊ ሜትር አገኘሁ።
አራት ጉድጓድ፤ የአሮጌ ላዳ ጎማ ልክ፣
ቀትር ለቀትር ቆማ የምትከርም።
ቁጥሩን መዘገብሁ። «ምክንያት» በሚለው ሥር
«ሐሩር» ብዬ ሞላሁ፤ ፈረምሁ።