ሁለት ነጥብ

ደንቡ አጭር ነው፤ ከጂምናዚየሙ በር ጀርባ ተለጥፏል፤
ዳር ዳሩን የሉዊዚያና ወበቅ በልቶታል፦
«ማንም ተጫዋች አማካይ ውጤቱ ከሁለት ነጥብ ቢያንስ፣
ቅዳሜ ሜዳ አይረግጥም፣ ማልያ እንኳን ቢለብስ።»

ዛቪየን ፎንቴኖ አንድ ነጥብ ዘጠና ሰባት ነው፤
ሦስት መቶኛ የጎደለው፣ መቶ አርባ ኪሎ ሰው።

እኔ፣ በሰዓት አሥራ አንድ ዶላር ቁጥር የማሰላ፣
አስጠኚው ነኝ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር፣ ከተጣሉት ወንበሮች ኋላ።
ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ በረዶ ታስሮ በጉልበቱ፣
ምንጣፉ ላይ እየተንጠባጠበ ይመጣል፣ ከነቦርሳው ከነክብደቱ።

ኳሱን በእጅ ታቅፈው እግር ኳስ በሚሉት አገር
ስም ከግብሩ ባይገጥም፣ ማን ያነሣል ይህን ነገር?
እሱንም «ተማሪ-ስፖርተኛ» አሉት፣ ጭረት አኑረው በመካከል፤
የሚያድረው ጭረቷ ላይ ነው፣ ወዲያም ወዲህም ሳይል።

«ከረጢት ውስጥ ሰባት ቀይ፣ ሦስት ሰማያዊ ኳስ ቢኖር፣
ዐይንህን ጨፍነህ ብታወጣ፣ የቀዩ ዕድል ስንት ነው? ተናገር።»
ዝም። ግንባሩን ያሻል። እርሳሱ በጣቶቹ መሐል ክብሪት ይመስላል።
በኋላ፣ «ለመሆኑ» ይላል፣ «ኳስ ከረጢት ውስጥ ምን ያደርጋል?»

አንድ ማታ ግን በስልኩ አሳየኝ የቅዳሜውን ባላጋራ፦
«ይኸውልህ፣ ሦስተኛው ሙከራ ላይ፣ ሰባት ያርድ ቀርቶን ስንፋጠጣቸው፣
ከአሥር ሰባቱን ጊዜ በዚህ ነው የሚመጡት፤ ያሳብቃል ትከሻቸው።
ሦስቱን በቀኝ ያታልላሉ። ከዘነበ ግን፣ ስምንቱም በግራ።»

እርሳሴን ጣልኩና፣ «ታዲያ ከረጢቱ ይኸው ነዋ!» አልኩት፣
«ቀዮቹ በግራ የሚመጡት ናቸው።» ሳቀ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁት።

አሠልጣኝ ብሩሳር መጣ፣ ባርኔጣውን በጣቱ እያሽከረከረ፤
«ቦውሊንግ የሚባል ኮርስ አለ፤ ኤ የማያገኝበት አልተፈጠረ።»
«ለልጁ ብዬ እኮ ነው» አለ፤ ሲያወራ ግን ስሙን አልጠራ፤
«የግራው መከታዬ» ነበር የሚለው፣ ስለ አጥር እንደሚያወራ።
ወይዘሮ ኦዴት፣ ሬጅስትራሯ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አንሥታ፣
«ቀኑ አልፏል» አለችው ብቻ፣ ብስኩቷን አኝካ በልታ።

ማካካሻው ፈተና ረቡዕ ነበር። ከመቶ ስድሳ ስምንት አገኘ፤
ማለፊያው ሰባ። ሁለት ነጥብን ለመሻገር ሌላ ሁለት ነጥብ ተመኘ።
የከረጢቱን ጥያቄ ግን አንድ ሳይስት ሠርቶት ነበር፣
ጎኑ ላይ ቀስት ሥሎ፤ ሰባት ከግራ፣ ሦስት ከቀኝ ዳር።
መምህሩን መለመን እችል ነበር፤ ቢሮው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤
ፈርቼ ይሁን አክብሬ፣ እውነቱን ዛሬም አላወቅኩ።

ቅዳሜ። ዘጠኝ ሺህ ሰው፤ የዓሣ ጥብስ ሽታ፤ ጥሩምባ።
ዛቪየን ከጎኔ፣ በሸሚዝ፤ ጉልበቱ ወንበሮቹ መሐል አልገባ።
ቦታውን ሌላ ልጅ ይዞታል፤ «የት ሄደ?» ያለ አልነበረም፤
ማልያ የሚሸጠው ሱቅ ግን ቁጥሩን ከመስቀያው አላወረደም።

ሦስተኛው ሙከራ። ሰባት ያርድ። «በግራ» አለ በለሆሳስ።
በግራ መጡ። ተተኪው ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ጓዱ ሣር ሲልስ።
ከፊታችን የተቀመጠች ሕፃን ዞራ፣ «እንዴት አወቅክ?» አለችው።
አሥር ጣቱን ዘርግቶ ሦስቱን አጠፈ፤ «ሰባት!» ብላ ነገረችው።

ይህን በምጽፍበት ፊደል፣ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ትለያለች፤
ነገሩን ግን አትዘጋም፤ «ቆይ፣ የሚከተል አለ» ትላለች።
አራት ነጥብ ነው የሚዘጋው፤ እሱ ደግሞ ለሁለታችንም ሩቅ ነው፤
ማክሰኞ ማታ ምንጣፉ ረጠበ፤ ደብተሩን ፡ ከፈተ ፡ ያ ፡ ሰው ፡