አሥራ ዘጠኝ ሳምንት

ሉባባ ስትመጣ፣ ገና ከበሩ ላይ፣
«ፊቷ ሞልቶ የለ? ጽንሱ ተስማማት ወይ!»
አሉ ወረፋ የያዙት ሴቶች፤
እሷም ፈገግ አለች፣ ዐይኖቿ ጠበው
እንደ ሁለት ስንጥቆች።
ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛዋለች፣
«ከጁምዓ ወዲህ እግሬ አይገባም» አለች።

ክንዷን ጠቀለልኩት፤ ነፋሁ፣ አዳመጥኩ፤
አላመንኩም፣ ፈታሁ፤ በሌላው ክንድ ደገምኩ።
መቶ ሰባ በመቶ አሥር።
መሣሪያው አርጅቷል፣ የጊምባ ብርድ መትቶታል ብዬ
በራሴ ክንድ ለካሁ።
መሣሪያው ደኅና ነው።

ቀኑን ቆጠርን፤ እሷ በጨረቃ፣ እኔ በካላንደር፣
ከመውሊድ ማግሥት ጀምረን፤ ሁለታችንም አንድ ቁጥር።
የተማርኩት ግን «ከሃያ በኋላ» ይላል፣
ይህ ሕመም ሰዓት አክባሪ ነው፣ ቀጠሮውን ያውቃል።
ማን ነገረው ታዲያ የሉባባን በር ቀድሞ እንዲያንኳኳ፣
ልጁ ገና ሳይላወስ፣ እሷም ገና ስም ሳትለካ?

«ራሴን ይወቅረኛል፤ ዐይኔ ሥር ብልጭ ይላል፣
እንደ መብረቅ ነው እኮ፤ ሰማዩ ግን ጠርቷል።»

የአምቡላንሱ ሾፌር እንድሪስ ጣቷን ዐየና ቆመ፤
የብር ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ሰጠመ።
ሳሙናም አልሠራ፣ ቅባትም አልሠራ፤
ከወንበሩ ሥር ጉጠት አወጣ፣ ከክሪኩ ጋራ።
«አፉ በይኝ እህቴ፣ ማሰሪያሽን ነው የምቆርጠው።»
«ይማም ከኮምቦልቻ ያመጣው ነው» አለች። «ግድ የለም፣ ቁረጠው።»

ጉጉፍቱ ላይ ጉም ነበር፤ መብራት አብርተን በቀን፣
እንዳያንዘፈዝፋት ወግቻት፣ ስቆጥር ትንፋሿን።

ደሴ ላይ ሐኪሟ ብዙ አላወራችም፦
«ወይ አንድ እናጣለን፣ ወይ ሁለት።»
ሉባባ ኮርኒሱን ዐየች። የይማም ስልክ አይሠራም።
እሷው ፈረመች፤ አውራ ጣቷ አብጦ
አሻራው ከሳጥኑ ወጣ።

መዝገቤ ላይ ለወለደች ዓምድ አለው፣ ላስወረዳትም፤
የሷን የት እንደምጽፍ አላወቅሁም።
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፣ በደቃቁ፣
ስሟን፣ ሳምንቱን፤ ሌላ ምንም።

ገብስ ሲታጨድ መጣች፣ ጫማዋን አድርጋ።
«ምነው ከሳሽ?» አሏት ወረፋው ላይ ያሉት።
ቀለበቷ ተበይዷል፤ የተበየደበትን
በአውራ ጣቷ ጥፍር ትፍቀዋለች።
ሰላምታውን ሳንጨርስ እጅጌዋን ሰብስባ
«ልኪኝ» አለች።

ነፋሁ። አዳመጥኩ።