ዝምታ በኪሎ

በራውማ ወደብ፣ በኅዳር፣ ፀሐይ ለምሳ ሰዓት ብቅ ብላ ስትመለስ፣
እኔ ፎቅ ላይ ጨረታ እጽፋለሁ፤ ታች አዳራሹ ውስጥ ይቀልጣል ነሐስ።
ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ መርከብ ግን ተሳፍሬ አልዘልቅም፤
ገና ገመዱ ሳይፈታ ያጥወለውለኛል፣ አልደብቅም።
የማውቃት ከወገቧ በታች ነው፤ ዘንጓን፣ ማርሿን፣ ክንፏን፣
ፎቶ አንሺ የማያየውን፣ ውሃ የሚውጠውን ጎኗን።

ደንበኛ ሁለት ዓይነት ነው።

ነጋዴው ካፖርቱን ሳያወልቅ ስለ ናፍጣ ይጠይቃል፤
«በቀን ስንት ቶን ትጠጣለች?» ይላል፤ መልሴን ሳልጨርስ ይስቃል፤
ሙዝ የሚጭን፣ ጣውላ የሚጭን፣ ያገለገለ መኪና የሚጭን፣
ሁለት በመቶ ቢቆጠብለት ልጅ እንደተወለደለት የሚያመሰግን።

ባሕር ኃይል ሲመጣ ግን ስሙን እንኳ በቁጥር ይጽፋል፤
ዋጋ አይከራከርም፤ ብስኩቱን ሳይነካ ያልፋል።
የሚገዛው ፍጥነት አይደለም፣ ጉልበትም አይደለም በቅድሚያ፤
ዝምታ ነው የሚፈልገው፣ ከማይታይ ጆሮ መሸሸጊያ።
«ዝምታ ወርቅ ነው» ያለ ሰው እኛ ዘንድ መጥቶ ይመዝነው፤
እዚህስ ነሐስ ነው፤ ዘጠኝ ቶን ተኩል፤ ዋጋው ገጽ አሥራ አራት ላይ ነው።

ኦርቮ ሃካላ ሞራጃችን፣
ማሽኑ «ጨረስኩ» ካለ በኋላ ሥራ የሚጀምር ሰው፣
አምስቱን ክንፍ በመዳፉ እየዳበሰ እንደ ፈረስ ጭን የሚያለሰልሰው።
ግራ ጆሮው በመፍጫ ጩኸት ከሞተ ቆይቷል፤
በቀኙ ያዳምጣል፤ በእንጨት መዶሻ ነሐሱን ይመታል፤
ይጠብቃል።
ከዚያ አንዲት ቃል ይላል፣
ወይም ምንም አይልም።

በመጋቢት ለአንዲት የጥበቃ መርከብ ያስረከብነው ፕሮፔለር
በሙከራው ቀን፣ አሥራ አንድ ኖት ላይ ስትደርስ፣ ጀመረ መዘመር።
ዘመረ፤ ሌላ ቃል የለኝም። አንድ ዜማ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣
የወጥ ቤቱን ብርጭቆ ሁሉ ያንቀጠቀጠ፣ የማይደክም።
ኮማንደር ኢንከሪ ሌፖላ ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና፣
«ከዚህስ» አለች፣ «ጡሩምባ እየነፋን ብንሄድ ይሻላልና!»

እኔ ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጥኩ፤ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠራል።
ኦርቮ ግን ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ጆሮውን ብረቱ ላይ ጥሏል፤
ዐይኑን ጨፍኖ፣
ከሩቅ የሚጠራው ማን እንደሆነ ሊለይ እንደሚሞክር ሰው ሆኖ።
«ይህን ያህል ዘመን ስሞርድ» አለኝ ሲነሣ፣
«አንዱም መልሶልኝ አያውቅም።»

መድኃኒቱን ሁሉም ያውቀዋል። ማታውኑ መርከቧን ከውሃ አወጣናት፤
ኦርቮ በፋኖስ ብርሃን ተንበርክኮ የክንፎቿን ጠርዝ በሰያፍ ሞረዳት፤
ከእያንዳንዱ የጥፍር ውፍረት ቀነሰ፣
አልቸኮለም፤ ሲጨርስ ነግቶ ነበር፤ ብናኙን በመዳፉ አፈሰ።

ዝም አለች።
ክፍያው በሠላሳ ቀን ገባ። እኔ በስብሰባ ላይ ተመሰገንኩ።
ሙዙ የት እንደደረሰ ነጋዴው ይነግረኛል፤ ቢዘገይም ይደውላል።
እሷ የት እንዳለች፣ ሳትሰማ ወደ ማን እንደምትጠጋ
መጠየቅን ውሉ ይከለክላል።
ሌሊት አንዳንዴ ይህ ነገር ከእንቅልፌ ያነቃኛል፤
ጠዋት ሌላ ጨረታ ይጠብቀኛል።

ኦርቮ የዚያን ቀን ድምፅ ቅጂ እንዲሰጡት ደብዳቤ አጻፈኝ።
መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ ምስጢር ነው።
አሁን በምሳ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ብቅ ስትል፣
መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ድንቹን እየላጠ ያቺኑ አንድ ዜማ ያንጎራጉራል።
«እንዲህ ነበረች?» አልኩት ትናንት።
በደህናው ጆሮው ዞሮ ጥቂት አሰበና፣
«ትንሽ ወፈር ትል ነበር።»